ከመደባችን የሚጎድለው ጉበት

እኩለ ቀን ላይ ሊሞት የቆረጠ ሰው ጠዋት የእህቱን ደብተር በጋዜጣ የሚለብጠው ለምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ይዤ አርጅቻለሁ። መልሱን አላገኘሁትም፤ መልስ አለን ያሉኝ ሰዎች ደግሞ ጥያቄውን በደንብ አልሰሙትም። ደብተሩ የሒሳብ ነበር። ትምህርት ከተከፈተ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ወንድሜ ልብስ ሰፊ ስለ ነበር የጋዜጣውን ጠርዝ እንደ ሱሪ እግር አጠፈው፣ በጥፍሩ ዳመጠው፣ ማዕዘኖቹን ወደ ውስጥ አስገብቶ አገላብጦ አየው። ጉድለት አላገኘበትም መሰለኝ፣ ሰጠኝ።

"በይ ተማሪዋ፣ እንዲህ ከሆነ እስከ ሰኔ ይቆይልሻል" አለኝ።

እስከ ሰኔ። እሱ እስከ ምሳ አልቆየም።

እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት በዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። በጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር፣ የወተት ጥርሳቸው ባልወለቀ ሕፃናት መካከል ስቀመጥ ጉልበቴ ከዴስኩ በታች አልገባ ይለኝ ነበር። እናቴ ከጅማ በኩል በልጅነቷ መጥታ ኮልፌ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ "ቅቤ ለመመዘን ፊደል ምን ያደርጋል?" ባይ ናት። ተከራክሮ ያስገባኝ ወንድሜ ነው። እሱ ራሱ አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ነው የስፌት መኪና ላይ የተቀመጠው። የክፍሉ ልጆች "እማማ" እያሉ ሲጠሩኝ እያለቀስኩ ብመጣ፣ "ታዲያ እማማ ካሉሽ ቆንጥጫቸው፤ ለእማማ ይፈቀዳል" ብሎ አሳቀኝ። እሱ በሞተበት ዓመት ክፍል ዘልዬ ሦስተኛ ደርሼ ነበር።

የሞተው ማክሰኞ ነው። በገዛ እጁ ነው። እንዴት እንደ ሆነ አልጽፍም፤ ከዚህ ያለፈውን ማወቅ የሚሻ የሰፈራችንን ሰዎች ይጠይቅ። አንዳቸውም በቦታው አልነበሩም፤ ሁሉም ግን በዝርዝር ያውቁታል።

ተልኮበት መጀመሪያ የደረሰው አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አጎቴ ጓዳ ገብቶ ወጣ። ፊቱን በጋቢው ጠረገ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣

"እስክሪብቶ አለሽ?" አለኝ።

ይህ የአጎቴ ጭካኔ አይደለም። በሌላ ሰፈር ሰው ሲሞት መጮህ ይበቃል፤ የኛ እድር ግን ደንብ ነበረው። የእድሩ ዳኛ ዕድሜያቸውን አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አሳልፈው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ሥራውን ተዉት እንጂ መዝገቡን አልተዉትም። የእድሩን ትልቅ መዝገብ በቀይ እስክሪብቶ በአራት ዓምድ ከፍለውታል፦ የሟች ስም፣ ዕድሜ፣ የሞተበት ቀን፣ የሞት ምክንያት። አራተኛው ዓምድ በጽሑፍ ተሞልቶ ካልቀረበ ድንኳን ከመጋዘን አይወጣም። አንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ፣ "አባል ወይም የአባል ቤተ ሰብ በገዛ እጁ ሕይወቱን ያጠፋ እንደ ሆነ ድንኳን፣ አግዳሚና ድስት አይሰጥም" ይላል። ደንቡ ሲጸድቅ አንድ ሰው ለምን ብሎ ቢጠይቅ፣ ዳኛው "ሌላውን እንዳያደፋፍር ነው" ብለው መለሱ አሉ። ድስት አገኛለሁ ብሎ የሚሞት ሰው ያለ ይመስል።

ለእናቴ ግን ድንኳኑ ቀላሉ ነገር ነበር። የከበዳት መሬቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የአጥር ጎረቤታችን ወንፊት ልትዋስ መጥታ፣ ስለ አንድ የሌላ ሰፈር ሰው ስታወራ፣ "እንደዚያ ያለውን እኮ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ነው የሚቀብሩት። ተሸሽጎ ቢገባ እንኳ ሲታወቅ ቆፍረው ያወጡታል" ብላ ነበር። ወንፊቱን ወስዳ ሄደች፤ ወሬው እኛ ዘንድ ቀረ። እኔ ነገር በትክክል ሲነገር የምወድ ሰው ነኝ። ማንን፣ መቼ፣ ከየትኛው ደብር አወጡት ብዬ ያን ጊዜ ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ ብዙ ዓመት በተረፈኝ።

እናቴ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ክንዴን ያዘችኝ።

"ይቺ ነገር ካፍሽ ከወጣች ወንድምሽን ከመሬት አወጣሽው ማለት ነው። ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

እሱ እንዴት እንደ ሞተ እኔና እናቴ የተነጋገርነው ይህን ብቻ ነው። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም።

ከዚያ በሽታ መምረጥ ጀመርን። አጎቴ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው አንዱን ያነሣል፣ ይተወዋል።

"ምች እንበል?"

"ምች በአንድ ጠዋት ይገድላል?" አልኩት።

"ያጋጥማል። እሺ፣ ሳንባ።"

እናቴ ያን ጊዜ ቀና አለች። "ሳንባ አይሆንም። ነገ ቅቤዬን ማን ይገዛኛል?"

"ልብ?"

ራሱ አጎቴ ጣለው። "ልብ የባለ መኪና በሽታ ነው። የስፌት መኪና የሚረግጥ ልጅ በልብ ሞተ ብንል ይስቁብናል።" ጥቂት አሰበና ፊቱ በራ፤ በዚያ ሰዓት ሊበራ የሚችለውን ያህል። "ጉበት! ጉበትን ማን አየው?"

"ጉበት ከሆነ ዓይኑ ቢጫ መሆን ነበረበት። የጤና አጠባበቅ መጽሐፋችን ላይ አለ" አልኩ።

"ታዲያ ቢጫ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አንቺ ልጅ፣ አሁን..." አለና ድምፁ ተሰበረ። "ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ በይ። ጻፊ።"

ጻፍኩ። ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ዓይኑ ቢጫ እየሆነ፣ ምግብ አልስማማው እያለ፣ ጎኑን እያመመው ቆይቶ በዛሬው ዕለት ዐረፈ። በሕይወቴ የደረስኩት የመጀመሪያ ድርሰት ይህ ነው። አንድም የፊደል ግድፈት አልነበረበትም።

ዳኛው ቤታችን መጥተው፣ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ጽሕፈቱ ጥሩ ነው። ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

"ሦስተኛ።"

"ጎበዝ።" ወደ ጓዳው በር አዩ፣ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። "ጉበት... ጉበት ክፉ ነው" አሉና ወረቀቱን አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱ።

የእድሩ ሹማምንት ግን በአንድ ወረቀት የሚበተኑ አልነበሩም። ከባሕር ዛፍ አጥራችን ውጭ ቆመው ሲከራከሩ እኛ ውስጥ እንሰማለን። አጥር ድምፅ የሚከልል ይመስላቸው ነበር።

"አንቀጽ ዘጠኝ ግልጽ ነው" ይላል አንዱ።

"ወረቀቱ ጉበት ነው የሚለው" ይላሉ ዳኛው። "እኛ የምንሠራው በወረቀት ነው።"

"ወረቀቱን ይተዉትና ጋሼ፣ አገር የሚያውቀውን..."

"አገር የሚያውቀው ዓምድ የለውም።"

"እናትየው እኮ ከአንድ ሰው ለቅሶ ቀርታ አታውቅም" አለ ሌላ ድምፅ። ይህን ያለው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አውቄው ቢሆን በየበዓሉ በእግሬ ሄጄ እጠይቀው ነበር።

በመጨረሻ ተስማሙ። አግዳሚ ይሰጥ። ድንኳንም ይሰጥ፤ ቀዳዳው። ድስት ይሰጥ፤ ትንሹ። ጡሩምባም ይነፋ፤ ግን በዝግታ።

"ጋሼ፣ ጡሩምባ በዝግታ እንዴት ነው የሚነፋው?" አለ ጡሩምባ ነፊው።

"አንተ ንፋ። ብቻ ብዙ አትንፋው።"

ሰውየው ታዛዥ ነበር። የወጣው ድምፅ ጉንፋን የያዘው ጥጃ ይመስል ነበር። እንደ ወትሮው ተነፍቶ ቢሆን ኖሮ የሰማ ይመጣ፣ ያልሰማ ይቀር ነበር። ይህን ሲሰማ ግን ምን ጉድ ነው ብሎ ያልወጣ ሰው አልነበረም። ከላይኛው ገበያ እስከ ወንዙ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ደጃችን ሞላ። ሊደብቁን ብለው እንዲህ ያለ ሕዝብ ሰበሰቡልን።

ቄሱም "ምን አገኘው?" አሉ። "ጉበት" አልናቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ፍትሐቱ ተፈታለት፤ ግቢው ውስጥ፣ ከወይራ ዛፍ አጠገብ ተቀበረ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ዓይኔ ጉድጓዱ ላይ ነበር፤ ጥልቀቱን እለካለሁ። ቆፋሪዎቹ ትንሽ ጠለቅ ቢያደርጉት ኋላ ለማውጣት ያስቸግራል ብዬ አስቤ ነበር። አላጠለቁትም።

ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ አዲስ ነገር ተማርኩ። ሰው ለቅሶ ሲደርስ "ነፍስ ይማር" ይላል፤ ይህ እንደ እንደምን አደራችሁ ያለ ቃል ነው፣ ማንም አያስብበትም። እኛ ቤት ግን ሁሉም አሰበበት። "ነፍስ..." ይሉና ሳል ይይዛቸዋል። ያን ሳምንት ኮልፌን እንዲያ ያለ ሳል አጥቅቷት ነበር። "እግዜር ያጥናችሁ" የምትለዋ ለኛ ለቋሚዎቹ ስለ ሆነች ያለ ሳል ትወጣለች። የሱን ነፍስ ይማር ሲል መሰማት የፈለገ ግን አልነበረም።

ውሃ ጥሙም በርትቶ ነበር። እያንዳንዷ ሴት አንድ ጊዜ ትነሣና፣ "ውሃ ጠማኝ፣ እኔው ራሴ እቀዳለሁ፣ አንቺ ተቀመጪ" ብላ ጓዳ ትገባለች። የውሃው እንስራ ያለው ደጅ ነው። ጓዳ የሚገቡት ጓዳውን ሊያዩ ነው። ከጓዳ ወጥተው ደግሞ ውሃ ሲቀዳላቸው አይጠጡትም።

የአጥር ጎረቤታችን ከእናቴ ጎን ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ጉበት ነው አሉ?"

"ጉበት ነው።"

"እኔ እኮ ሰኞ ለት አይቼዋለሁ። ቆሞ ከልብስ ተኳሹ ጋር ይስቃል። ደህና ነበር።"

"ጉበት እንደዚያ ነው" አለች እናቴ።

"ዓይኑም ነጭ ነበር።"

"ከሩቅ ስላየሽው ነው" አልኳት እኔ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ለትልቅ ሰው መልስ ስሰጥ የመጀመሪያዬ ነው። ውሸቱ የኔ ድርሰት ስለ ነበር ሲነኩብኝ ተቆጣሁ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ መድኃኒቱ መጣ። አንዷ ሥር ይዛ፣ ሌላዋ ቅጠል ቀቅላ፣ "ለጉበት ነው፣ እናንተም ቀድማችሁ ውሰዱት፣ በዘር ይሄዳል ይባላል" እያሉ። እናቴ እያመሰገነች ተቀበለች። ጤነኛ ጉበታችንን ስንት ወር መራራ አጠጣነው።

ገና ሲደርስ ሰፈሩ እንደ ልማዱ ለቅርጫ በሬ ገዛ። በሬው ታርዶ በኮባ ቅጠል ላይ በየመደቡ ይመደባል፤ ሥጋው፣ ጨጓራው፣ ጉበቱ፣ ምኑም ምኑም እኩል ተቆራርጦ ለየሰው ይደርሳል። ማንም መደብ ከማንም አይበልጥም፤ ይህን የሚቆጣጠሩት እኚሁ ዳኛችን ናቸው። እናቴና እኔ ዘንቢል ይዘን ቆመናል። ዕጣው ወጥቶ መደባችን ሲታወቅ ዳኛው ጎንበስ አሉ፣ በቢላቸው ጫፍ የኛን ጉበት አነሡና የጎረቤቱ መደብ ላይ አሳረፉት።

"ለነሱ ይቅር" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አይነገርም፣ ደስ አይላቸውም።"

የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እንዲህ ያለ አስተዋይ ሰው! አንዲቱ ሴት እንባዋን ጠረገች። ነገሩን በሰከነ ልብ እንየው። ልጁ በጉበት የሞተ መስሏቸው ቢሆን የበሬ ጉበት ምን አደረገ? በጉበት እንዳልሞተ እያወቁ ከሆነ ደግሞ ምኑን ነው ያነሡልን? እኛ እንደ ዋሸን ያውቃሉ፣ እንደሚያውቁ እናውቃለን፣ ግን ውሸታችንን ከኛ ይበልጥ አጥብቀው አከበሩት።

እናቴ ከዓመት ዓመት በጉጉት የምትጠብቀው ምግብ ዱለት ነበር። ለራሷ እንኳ ሳይቀር የምትሰስት ሴት፣ በበዓል ጠዋት ዱለት ላይ አትሰስትም። ዘንቢሉን ስትይዝ አየኋት፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። "ጉበታችንስ?" ብትል ወሬው ይከፈታል። ወሬው ከተከፈተ አካፋ ይመጣል። ዘንቢሉን ይዛ ወደ ቤት ዞረች። በፋሲካም ጎደለ፣ በመስቀልም ጎደለ። ቃሉ ራሱ ጠፋ፤ እኛ ካለን "ያ ጥቁሩ ሥጋ" ይሉታል። ከሥጋ ቤት ገዝተን እንዳንበላ ደግሞ ሥጋ ሻጩም የእድራችን አባል ነው።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ሽማግሌዎች መጡልኝ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ መጽሐፍ ይዤ ተቀምጫለሁ። ዘር ተቆጠረ፣ ሁሉም መልካም ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገና፣ "እንግዲህ ያ... የጤናው ነገር እንዴት ነው?" አለ።

"ጤና ነን" አለች እናቴ።

"እንዲያው ልጁ ይሠጋል። ለሚወለዱት ነው።"

ተነሥተው ሄዱ። እናቴ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና አለቀሰች። እኔ ለእናቴ አዘንኩ እንጂ ለራሴ ብዙም አልከፋኝም፤ ሰውየው ቤቱ አንድ መጽሐፍ የለውም አሉ። ከዚያ በኋላ የመጣ አልነበረም፤ እኔም አስተማሪ ለመሆን አነበብኩ፣ ሆንኩም።

አንድ ክረምት የእድሩ መዝገብ ዝናብ አርሶት ተበላሸ። የዳኛው ዓይን ደክሞ ስለ ነበር፣ "ያንቺ ጽሕፈት ጥሩ ነው" ብለው በአዲስ መዝገብ እንድገለብጠው ሰጡኝ። ሰፈሩ እንዴት እንዳለቀ ከነምክንያቱ በእጄ ገባ። አራተኛው ዓምድ ውስጥ በቅሎ ኖሮት የማያውቅ ሰው "ከበቅሎ ወድቆ" ሞቷል። ዋና የሚፈራ ሰው "ሲዋኝ" ሞቷል። "ድንገት" የሚል በሽታም አለ፤ ብዙ ቤት ገብቷል። እነዚህን ሳይ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ አጎት፣ አንድ እስክሪብቶ ነበረው ማለት ነው። ግን ማንንም ሄጄ አልጠየቅሁም። እነሱም እንደኔ ከአካፋው የሚጠብቁት ሰው ይኖራቸዋል። የኛ ረድፍ ላይ ስደርስ "ጉበት" ብዬ ለሁለተኛ ጊዜ ጻፍኩ። ፊደሉ አልተዛነፈም። ይህን የምናገረው ልመሰገንበት አይደለም።

ወንድሜ በሞተ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ዳኛው ማለዳ ቤታችን መጡ። ዝናብ እየዘነበ ጃንጥላ አልያዙም። መዝገቡን ግን በላስቲክ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል።

"እናትሽ የሉም?"

"ገበያ ናት ጋሼ።"

"ደግ። አንቺን ነው የፈለግሁት።"

ተቀመጡ። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እኔ ከገለበጥኩት አልፈው እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ ገለጡት። በራሳቸው እጅ አዲስ ስም ገብቷል። የመጨረሻ ልጃቸው ስም ነው፤ ታይፕ ትማር የነበረችው፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም የምትለኝ ልጅ። ዕድሜዋ ገብቷል። ቀኑ ገብቷል፤ የትናንት ቀን። አራተኛው ዓምድ ባዶ ነው።

"እስክሪብቶ አለሽ?" አሉኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሌላ ምንም መስማት አላስፈለገኝም።

"ያን ዓመት የጻፍሽው ወረቀት..." አሉ፣ መዝገቡን እንጂ እኔን ሳያዩ። "ጥሩ ነበር። ቋንቋውም፣ ሁሉ ነገሩ። እንደሱ ያለ አንድ ነገር..."

"ጋሼ" አልኩ። "ወንድሜ የሞተው በጉበት አይደለም። በገዛ እጁ ነው።"

ቃሉ ወጣ። ከወጣ በኋላ አዳመጥኩ። የአካፋ ድምፅ ነበር የጠበቅሁት፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ተሰማኝ።

"አውቃለሁ ልጄ" አሉ ዳኛው። "ባላውቅ መቼ አንቺ ዘንድ እመጣ ነበር?"

"ታዲያ ታወጡታላችሁ?"

"ማንን?"

"ወንድሜን። ከመቃብሩ።"

አልገባቸውም። አስረዳኋቸው፤ ወንፊት ልትዋስ ስለ መጣችው ሴት፣ እናቴ ክንዴን ይዛ ስላለችኝ፣ በየዓመቱ መታሰቢያውን ለማድረግ ስንሄድ ከእናቴ ቀድሜ እየሮጥኩ አፈሩ እንዳልተነካ ስለማየቴ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ዝናቡ ከኮፍያው ጠርዝ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ።

"ማን ነው የሚያወጣው?" አሉ። "ቆፋሪዎቻችንን አታውቂያቸውም? ለአዲሱ ሬሳ እንኳን ሦስቴ ተልኮባቸው ነው የሚነሡት። የድሮ ሬሳ ሊያወጡ!" ሊስቁ ነበር መሰለኝ። ሳይስቁ ቀሩ። እጃቸው መዝገቡ ላይ ቆመ። "እሷንስ... አያወጧትም አይደል?"

አንቀጽ ዘጠኝን ያረቀቁት ሰው ናቸው እኔን የሚጠይቁኝ።

"አያወጧትም ጋሼ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ዐሥራ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ።"

የኮታቸውን ሁለተኛ ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ይነካካሉ። "ይቺን ትናንት ጠዋት ነው የሰፋችልኝ" አሉ። "አልጠየቅኋትም። 'አባዬ፣ ቁልፍህ ሊወድቅ ነው፣ ና' ብላ፣ እዚያው እንደ ቆምኩ። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። እንግዲህ ሰው እንዲህ አድርጎ..."

አልጨረሱትም። ተነሥቼ ከሣጥኔ ውስጥ የሒሳብ ደብተሬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጋዜጣው እንደ ደረቀ ቅጠል ሆኗል፣ ማዕዘኖቹ ግን አልተላቀቁም። ከወንድሜና ከኔ በቀር ሌላ ሰው ሲነካው ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

"እስከ ሰኔ ይቆይልሻል ብሎኝ ነበር" አልኩ። "በዚያው ጠዋት።"

መነጽራቸውን አድርገው እጥፋቱን በጣታቸው ተከተሉት።

"ጥሩ ሙያ ነበረው" አሉ።

ከዚያ እስክሪብቶውን አነሡ። "ታዲያ ምን ልጻፍ? ጉበት ልበል?"

"ጉበት አይበሉ ጋሼ። በበዓል ከመደብዎ ያነሡብዎታል።"

ቀና ብለው አዩኝ። መጀመሪያ አልገባቸውም፣ ከዚያ ገባቸው፤ ጆሯቸው ቀላ።

"እኔ እኮ ለደግ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። ግን እማዬ ጉበት ትወዳለች።"

"ትወዳለች እንዴ?"

"በጣም።"

"ይህን ሁሉ ዓመት!" አሉና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ለይቼ መናገር አልችልም። ምናልባት በዚያ ቀን መለየት አይገባ ይሆናል።

"ባዶ ይቅር" አልኳቸው።

"ባዶ አይፈቀድም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።" ጎንበስ ብለው በአራተኛው ዓምድ፣ በዚያ በተጣራ የመዝገብ ቤት ጽሕፈታቸው፣ አንድ ነገር ጻፉና ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አሉበት። አነበብኩት። "አባቷ ያውቃል" ይላል።

"ያውቃሉ ጋሼ?"

"አላውቅም" አሉ። "ሌላ ሰው እንዳይጠይቅ ብዬ ነው።"

መዝገቡን ጠቀለሉ። ኮፍያቸውን ደፉ። ጡሩምባ ነፊው ጋ መድረስ ነበረባቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ "ነፍስ ይማር ጋሼ" አልኳቸው፤ ዞሩ።

"የወንድምሽንም ነፍስ ይማር" አሉኝ።

ሙሉውን ነው ያሉት። ሳል አልነበረበትም።